የደከሙ ድንጋዮች

ባለቤቴ ሬድዮ ጠጋኝ ነበር። ሱቁ ወሰን የሚባል ሰፈር ነው፤ በአንድ ጋራዥና በአንድ ዳቦ ቤት መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል። የምንኖረው ኮተቤ ነው። ጠዋት በእግሩ ይሄዳል፤ ማታ ኪሱን በሽቦ ቁራጭ ሞልቶ ይመለሳል። ልጆቻችንን ያሳደግነው በዚያች ሱቅ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ጦማችንን ያደርንበት ቀን የለም።

የምጽፈው ስለ ክሱ ነው። በደርግ ዘመን ባለቤቴ አንድ ትልቅ የውጭ ኩባንያ ከሰሰ። ሬድዮና ስልክ እየሠራ በየአገሩ የሚሸጥ፣ እዚህም ከተማ መሐል ቢሮ የነበረው ኩባንያ ነው። «እኔ የፈጠርኩትን ወሰዱብኝ» ብሎ ከሰሰ። ዋናዋ ምስክር እኔ ነበርኩ። ልጆቼ ካደጉ በኋላ ነገሩን ደጋግመው ጠየቁኝ። በአፌ መናገር አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

አንድ ዓመት ትንሿ ልጄ በኩፍኝ ታማ ከሞት ተረፈችልኝ። ፍልሰታን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሱባኤ ልይዝ ተስዬ ነበርና ነሐሴ ሲገባ ነጠላዬንና በሶዬን ይዤ ተነሣሁ። ልጆቹን የተውኩት ለጎረቤቴ ነው። ሙስሊም ናት፤ ባሏ የጭነት መኪና ይነዳል። በዚያ ዓመት ረመዳንና ፍልሰታ በአንድ ቀን ስለገቡ እሷም ጾመኛ ነበረች።

«አንቺ እዚያ ላይ ጹሚ፤ እኔ እዚህ እጾማለሁ» አለችኝ። «የማናችን ቶሎ እንደሚደርስ እናያለን።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹ ይበላሉ። ለቄስሽ አልናገርም፤ ሂጂ።»

ተራራው በክረምት ቀኑን ሙሉ ጉም ውስጥ ነው። ባሕር ዛፉ ዝናቡ ካባራ በኋላም ሲያንጠባጥብ ይውላል። ፀሐይ ብቅ ስትል ጠበልተኛው ሁሉ እርጥብ ልብሱን ይዞ ወደ ዐለቱ ይሮጣል። አንድ ሽማግሌ ግን ልብስ አያሰጡም ነበር። ከጉያቸው በጨርቅ የተቋጠረ የሬድዮ ድንጋይ ያወጡና ዐለቱ ላይ አንድ በአንድ ይደረድሩታል። ያለቀ ድንጋይ ነው፤ ሰው የጣለው፣ ዝገት የያዘው።

«አባቴ፣ ይኼ ሞቶ የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«አልሞተም» አሉ። ከተራራው ጀርባ ገበሬ የነበሩ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው የኦሮምኛ ቃና አለው። «ደክሞት ነው። ሲሞቀው ትንሽ ይነሣል።»

ድንጋዮቹ ሞቅ ሲሉላቸው በአንድ ረጅም ቀርከሃ ውስጥ አከታትለው ይከቷቸዋል። ከቀርከሃው ጫፍና ጫፍ ሽቦ አውጥተው ከአንዲት ትንሽ ሬድዮ ጋር ያያይዛሉ። ሬድዮዋ መጀመሪያ ታንኮራፋለች፤ ከዚያ ታወራለች።

«ለየብቻቸው አቅም የላቸውም» አሉኝ። «ተደጋግፈው ግን ዜና ያደርሱኛል።»

ሬድዮዋ የልጃቸው ነበረች። ልጃቸው ወደ ምሥራቅ ዘምቶ ቀርቷል፤ ይሙት ይኑር የነገራቸው የለም።

«ስሙን ይጠሩት እንደሆነ ብዬ ነው የምሰማው» አሉ።

«በዜና የወታደር ስም አይጠሩም እኮ፣ አባቴ።»

«ድንገት ቢጠሩስ?»

የእሳቸውን ስም አልጠየቅሁም። ጠበል ቦታ ሁሉም አባቴ፣ እናቴ፣ እኅቴ ነው።

ሱባኤዬን ፈጽሜ የወረድኩ ዕለት ራት ላይ ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ነገርኩት። ስለ ጠበሉ፣ ስለ ጉሙ፣ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ልጃቸው፣ ስለ ቀርከሃው። እሱ በአንድ እጁ እየጎረሰ በሌላው የተፈታ ሬድዮ ያገላብጥ ነበር። «እህ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እህ» አለና ወጥ ጨምሪልኝ አለኝ።

መስቀል አለፍ እንዳለ ሳጥኗን ሠራት። ከጣውላ የተሠራች ናት፤ ውስጧን በቆርቆሮ ለብጦታል፤ የደከሙት ድንጋዮች በረድፍ ይተኙባታል። ከሬድዮው ጀርባ በብሎን ትታሰራለች። ሬድዮው ሕፃን ያዘለ ይመስላል። ድንጋይ በቀበሌ ሱቅ እንደ ስኳር በሰልፍ የሚገኝበት፣ ብዙ ጊዜም የማይገኝበት ዘመን ስለነበር ሰው ወደዳት። የጋራዡ ሠራተኞች፣ ዘበኞች፣ እህል ይዘው የሚመጡ ነጋዴዎች ሬድዮአቸውን እያመጡ «የእኔንም አሳዝልልኝ» ይሉት ነበር።

ደስ አለኝ። ሽማግሌው የጀመሩትን እሱ አሳመረው ብዬ አሰብኩ። እሱም እንደዚያ የሚያስብ መስሎኝ ነበር። አልተነጋገርንበትም።

በዚያው በጋ አንድ ፈረንጅ ሱቁ መጣ። የኩባንያው ባለሙያ ነው፤ ሬድዮዎቻቸው እዚህ አገር ምን እንደሚገጥማቸው ለማየት የየጠጋኙን ሱቅ ይዞራል። ሳጥኗን ሲያይ ሳቀ፤ ፎቶ አነሣት፤ የባለቤቴን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ሄደ። ባለቤቴ ስለዚያ መታ መታ ለብዙ ጊዜ አወራ።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን መለዋወጫ ሊገዛ ፒያሳ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ደጅ ላይ ቆመ፤ አልገባም።

«መስኮት ውስጥ አየኋት» አለ።

«ማንን?»

«ሳጥኔን።»

የኩባንያው አዲስ ሬድዮ ተጨማሪ የድንጋይ ሳጥን ከጀርባው አዝሎ ወጥቷል። የእነሱ ፕላስቲክ ነው፤ ያብረቀርቃል። የተሠራውም ለአዲስ ድንጋይ ነው እንጂ ለደከመ አይደለም። ይህን ብነግረው ሊሰማኝ አልፈለገም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬድዮ ሊያሠራ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ታሪኩን ይሰማል።

ከሰሚዎቹ አንዱ ጠበቃ ነበር። በሙቀትም ኮቱን የማያወልቅ፣ ዋናውን ነገር ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። ቤታችን መጣ። እንዲህ ያለ ነገር እየፈለገ ትልልቅ ኩባንያዎችን መክሰስ ሥራው መሆኑን አልደበቀንም። ለአንድ ልብስ ሰፊ ብሎ አንድ የስፌት መኪና ኩባንያ ከሷል፤ ለአንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ብሎ የፋኖስ ኩባንያ ከሷል። ሁለቱም ፍርድ ሳይሰጥ በስምምነት አልቀዋል።

«እውነት ልብስ ሰፊው የፈጠረው ነገር ነበር?» አልኩት።

«እኅቴ፣ እሱን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው።» ወደ ባለቤቴ ዞረ። «ትልቅ ኩባንያ ፍርድ አይፈራም። ስሙ በሰው አፍ ሲገባ ነው የሚፈራው። ዝም በሉልኝ ብሎ ራሱ ይመጣል።»

«እኔ ዝም ማሰኛ ገንዘብ አልፈልግም» አለ ባለቤቴ። «የእሱ ነው እንዲሉልኝ ነው የምፈልገው።»

ጠበቃው ፈገግ አለ። «ይሉልሃል። ገንዘቡም ይጨመርልሃል።»

ስለ ፈጠራ የወጣ ሕግ በአገራችን እንዳልነበረ በኋላ ዳኛው ሲናገሩ ሰማሁ። ጠበቃው ይህን አልነገረንም። ክሱን በዘመኑ ቋንቋ ጻፈው፤ ኢምፔሪያሊስቱ ኩባንያ የሰፊውን ሕዝብ የላብ ፍሬ ዘረፈ ብሎ።

ይህ ቃል ቀበሌ ደረሰ። ሊቀ መንበሩ ባለቤቴን በእሑድ ስብሰባ አስነሥቶ አናገረው። ባለቤቴ ሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም። የሚለው ሲጠፋው ሳጥኗን ከፍ አድርጎ ያዛት፤ ተጨበጨበለት። ጎረቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ባልሽ እንግዲህ ጓድ ሆነ። የእኔን ሬድዮ ማን ይሠራልኛል?»

ሳቅሁ። ወዲያው ግን ፍርሃት ገባኝ። ቀበሌ ያጨበጨበለት ነገር ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ባለቤቱ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር። በዚያ ዘመን ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ ከቤቱ የወጣ ሰው ሁሉ አይመለስም።

የምስክርነት መጥሪያ ሲደርሰኝ ባለቤቴን አነጋገርኩት።

«ቀርከሃውን ረሳኸው?»

«የምን ቀርከሃ?»

«የእንጦጦው ሽማግሌ። ከሱባኤ የወረድኩ ዕለት የነገርኩህ።»

«ስለ ጠበል ነው የነገርሽኝ።»

«ስለ ጠበሉም ነግሬሃለሁ።»

አተኩሮ አየኝ። የሚዋሽ ሰው ዓይን አልነበረም፤ ይበልጥ ያስፈራኝም ያ ነው።

«ስሚኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ይህን ነገር እዚያች ሱቅ ቁጭ ብዬ ከራሴ ነው ያወጣሁት። በሕይወቴ ያወጣሁት ነገር እሱ ብቻ ነው። ሽማግሌ የሚባል አላውቅም።»

መጥሪያውን አጥፌ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ጠበቃው ነገሩን ሰምቶ መጣ። በዚያን ቀን አንቱ አለኝ።

«ባለቤትዎ ሳጥኑን ሲሠራ አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ፈረንጁ ከመምጣቱ በፊት ነው?»

«በፊት ነው።»

«በቃ። የተጠየቁትን ይመልሱ፤ ያልተጠየቁትን ማን ተናገሩ አለዎት? ደግሞ አሁን መጽሐፍ አያስይዙም። እጅዎን ብቻ ነው የሚያነሡት።»

እኔና ባለቤቴ በቁርባን የተጋባን ነን። ስንቆርብ አብረን ነው። በሐሰት መስክሬ ወደዚያ ደጅ እንዴት እቀርባለሁ? እውነቱን ተናግሬስ አብሮኝ የሚቆርበውን ሰው ለማን አሳልፌ እሰጠዋለሁ? የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ሰሙኝ።

«መጽሐፍ አያስይዙም ይላሉ፣ አባ። እጅ ብቻ ነው።»

«እጅሽን የሠራው ማን ነው?»

«እሱ።»

«እንግዲያው» አሉ።

ልወጣ ስል መስቀላቸውን አሳለሙኝ። «ያልተጠየቅሽውን አለመናገር ኃጢአት አይሆንብሽም፣ ልጄ። ከተጠየቅሽ ግን መንገድ የለሽም። እንዳይጠይቁሽ ጸልዪ።»

ጸለይኩ። ልብስ ሳጥብ፣ ውኃ ስቀዳ፣ ታክሲ ስጠብቅ። ኪዳነ ምሕረት፣ እንዳይጠይቁኝ አድርጊልኝ። ከዚያ ሌላ ቃል አልነበረኝም።

ቀኑ ደረሰ። የችሎቱ አዳራሽ ቀዝቃዛ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የጢማሞቹ የውጭ አገር ሰዎች ሥዕል ተሰቅሏል። ሊቀ መንበሩ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ፊት ተቀመጠ። ጎረቤቴ ጥቁር ሻሿን አስራ ከኋላ ተቀመጠች። ባለቤቴ ሳጥኗን ጉልበቱ ላይ አድርጓል።

እጄን አነሣሁ። ጠበቃችን የጠየቀኝን መለስኩ። ሲሠራት አይቻለሁ፤ ፈረንጁ ከመምጣቱ በፊት ነው። ቀላል ነበር። ጸሎቴ የደረሰ መሰለኝ።

ከዚያ የኩባንያው ጠበቃ ተነሣ። ወጣት ነው፤ ቁጣ የለበትም። በኋላ እንደሰማሁት ይህን ጥያቄ ለምስክር ሁሉ ይጠይቅ ነበር።

«እመቤቴ፣ ባለቤትዎ ይህን ከመሥራቱ በፊት፣ ያለቀ ድንጋይ ደርድሮ ሬድዮ የሚያስነሣ ሌላ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

ባለቤቴን አየሁት። ቀና ብሎ እያየኝ ነበር። አልፈራም። የምለውን የሚያውቅ መስሎት ነበር።

«አይቻለሁ» አልኩ።

ስለ ሽማግሌው ተናገርኩ። ስለ ዐለቱ፣ ስለ ቀርከሃው። ባነሡት ጥያቄ ልክ መለስኩ፤ ስለ ልጃቸው እንኳ አልጨመርኩም። ጠበቃችን ብድግ አለ።

«የሽማግሌው ስም ማን ይባላል?»

«አልጠየቅኋቸውም።»

«ስም የሌለው ሰው። እሺ፣ መቼ ነው ያዩአቸው?»

«በፍልሰታ።»

«ፍልሰታ በየዓመቱ አለ። ባለቤትዎ ሳጥኑን ከሠራ በኋላ በመጣው ፍልሰታ ላለመሆኑ ምን ማስረጃ አለዎት? ዓመተ ምሕረቱን ይንገሩን።»

ዓመተ ምሕረት አላውቅም ነበር። እኛ ሰፈር ነገር የሚታወሰው በበዓልና በጾም ነው፤ ቀኑን አጥርተን እናውቃለን፣ ዓመቱ ግን ይምታታብናል። ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያ ያበቃ ነበር። እጄን ያነሣሁለትን አሰብኩ።

«ረመዳንና ፍልሰታ በአንድ ቀን የገቡበት ዓመት ነው» አልኩ። «ልጆቼን የያዘችልኝ ጎረቤቴ ያን ጊዜ ጾመኛ ነበረች።»

ዳኛው በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ብዕራቸውን አስቀምጠው በጣታቸው ማስላት ጀመሩ። ከኋላ የጎረቤቴ ድምፅ መጣ።

«እውነቷን ነው፣ ጌታዬ። ከዚያ ወዲህ ረመዳን ወደ ኋላ እየሸሸ አሁን ሰኔ ገብቷል።»

«ዝም በዪ፣ አንቺ» አሏት። ግን ሒሳቡ ቶሎ ተገኘላቸው። ከዚያ ፍልሰታ በኋላ በመጣው በጋ ነው ፈረንጁ ፎቶ ያነሣው። ሳጥኗም የተሠራችው ከዚያ በጋ ቀደም ብሎ፣ መስቀል አለፍ እንዳለ መሆኑን ክሱ ራሱ ይላል፤ ከሱባኤው በፊት ሳጥን አልነበረም።

«ለባለቤትዎ ነግረውት ነበር?» አሉኝ ዳኛው።

ከሁሉም አጥብቄ እንዳትመጣ የለመንኩት ጥያቄ ይህች ነበረች።

«ነግሬዋለሁ። ራት እየበላ ነበር። ጆሮው ሰምቷል፤ እሱ ግን አልሰማኝም። የሚዋሽ ሰው አይደለም።»

ዳኛው የመጀመሪያውን ጻፉ። የመጨረሻውን ይጻፉት አይጻፉት አላውቅም።

ክሱ ወደቀ። ጠበቃችን ከእኛ ጋር አልወጣም፤ ደረጃው ላይ አንድ ፓምፕ የታቀፈ ሰው ሲያነጋግር አየሁት። ሊቀ መንበሩ በሩ ላይ ጠበቀን።

«ጓድ» አለ ባለቤቴን፣ «ነገ ጠዋት ቢሮ ትመጣለህ።»

ባለቤቴ በማግስቱ ካፖርቱን ለብሶ ሄደ። ሕዝብ አሳስተሃል ተብሎ ቀበሌው እስር ቤት ገባ። በየቀኑ ምሳ አደርስ ነበር። ዘበኛው ሳህኑን ይቀበለኛል፤ ትናንት የሰጠሁትን ባዶውን ይመልስልኛል። ባዶ ሆኖ ሲመጣ በሕይወት አለ እላለሁ። አንድ ቀን ምግቡ እንዳለ ተመለሰ። ያን ቀን ልጆቹን ጎረቤቴ ነበረች ያሳደረችልኝ፤ እኔ ለማንም አልሆንም ነበር። በማግስቱ ሳህኑ ባዶ ሆኖ መጣ። ተመስገን አልኩ።

ክረምቱ ሳይገባ ለቀቁት። ካፖርቱ ሰፍቶታል። ሱቋ ለሌላ ሰው ተሰጥታ ነበርና ከቤታችን ጣራ ሥር፣ በረንዳው ላይ ይጠግን ጀመር። አልተጣላኝም። እጄን ያዥ ሲለኝ እይዛለሁ፤ ብላ ስለው ይበላል። ስለ ክሱ ግን ቃል አልወጣውም። ቤተ ክርስቲያን አብሮኝ ይሄድና ከአጸዱ ውጭ ይቆማል። እኔም ብቻዬን አልቆረብኩም። በየዓመቱ ፋሲካ ሰው ሲቆርብ ነጠላዬን ተከናንቤ ቆሜ አይ ነበር።

የካቲት ሲመጣ ለኪዳነ ምሕረት ወጣሁ። ሽማግሌውን ፈለግኋቸው። ከጠበሉ አጠገብ የምትኖር አንዲት መነኩሲት አስታወሰቻቸው።

«ዐረፉ» አለችኝ። «እስከ መጨረሻው ጠሩት ወይ እያሉ ነበር።»

ጧፍ አበራሁላቸው። ስማቸውን ስለማላውቅ ለካህኑ የሰጠሁት ስም የለም። እግዚአብሔር ያውቃቸዋል ብዬ ወረድኩ።

ብዙ ዓመት አለፈ። ጦርነቱ ወደ ሰሜን ዞሮ ነበር፤ የጎረቤቴ የበኩር ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሁለታችንም በየቤታችን እንጸልይለታለን። አንድ ከሰዓት እሷ ሬድዮዋን ይዛ መጣች። አዲስ ድንጋይ የትም የለም። ባለቤቴ ያለቁትን ከየጥጉ ለቀመና ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ ላይ ደረደራቸው። ሳጥን አልሠራም። ከአጥራችን አንድ ቀርከሃ መዝዞ ውስጡን በጋለ ብረት ይበሳ ጀመር።

እህል እየለቀምኩ ነበር። እንዳላየሁ ሆኜ ለቀምኩ።

«እኒያ ሽማግሌ» አለ፣ ከቀርከሃው ቀና ሳይል። «ልጃቸው መጣላቸው?»

«አልመጣም» አልኩት።

ተነሣና ጥላው የደረሰባቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አዛወራቸው።